ከነፋስ ስልክ እስከ ሆትስፖት
የገመድ አልባ ግንኙነት ስያሜዎች አጭር ታሪክ

1. መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ የሚገኝን አንድ አገልግሎትና ስያሜውን ነው። አገልግሎቱ አንድ የእጅ ስልክ፣ ወይም በግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ አነስተኛ መሣሪያ፣ ኢንተርኔትን ከምንጩ ተቀብሎ በአካባቢው ላሉ ሌሎች መሣሪያዎች ያለ ሽቦ የሚያድልበት ዘዴ ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር «ሆትስፖት» ይባላል፤ በአገራችን ተጠቃሚዎችም አፍ የሚነገረው በአብዛኛው ይኸው ቃል ነው።

ጉዳዩን እንድናነሣ ምክንያት የሆነን አንድ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመምህራን በተዘጋጀ አንድ ዐውደ ጥናት ላይ የአዳራሹ ኢንተርኔት ስለ ተቋረጠ ከተሳታፊዎቹ አንዱ የገዛ ስልኩን ሆትስፖት ከፈተ። ወዲያውም «ዋይፋይ መጣ» የሚል ወሬ ተሰማ። የይለፍ ቃሉ ከጆሮ ወደ ጆሮ ተላለፈና ስምንት ያህል ሰዎች ተገናኙ፤ ጽሑፍ ያወረደ ነበር፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የተመለከተም ነበር። ከሰዓት በኋላ ባለስልኩ ለወሩ የገዛው ጥቅል ተሟጥጦ አገኘው። ከስምንቱ ሰዎች አንዱም የሌላውን ገንዘብ አባክናለሁ ብሎ አላሰበም። ሁሉም የተማሩ፣ ይሉኝታም የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን «ዋይፋይ» የሚለው ቃል ነገሩ ከየት እንደሚመጣ፣ የማን እንደ ሆነና በማን ወጪ እንደሚሠራ አልነገራቸውም።

የቃላት ሥራችንም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አንድ ስያሜ ሲመረጥ ተጠቃሚው ከስያሜው ብቻ ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል መመዘን አለበት። ይህን ለመመዘን ደግሞ ቋንቋችን ከዚህ በፊት ሽቦ ለሌለው መልእክት ምን ስም እንዳወጣ፣ ሌሎችስ ዛሬ በዓለም የተሠራጩትን ስሞች እንዴት እንዳገኙ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይጠቅማል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

2. ሽቦ የነበረው ስልክ

የስልክ አገልግሎት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር የተዘረጋው በ1890ዎቹ ነበር። ለዚህ አዲስ ነገር አማርኛ የወሰደው ስም «ስልክ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዐረብኛ ትርጉሙ «ሽቦ» ወይም «ክር» ማለት ነው። በየሜዳው በምሰሶ ላይ ተወጥሮ የሚታየው ሽቦ ስለ ነበር፣ ከመሣሪያው ክፍሎች አንዱ ለጠቅላላው ስም ሆነ ማለት ነው። ይህ ዐይነቱ አሰያየም በቋንቋዎች ሁሉ የተለመደ ነው። የሽቦው ትዝታም ለረጅም ጊዜ ከቃሉ ጋር ኖሯል፤ «ስልክ እንጨት»፣ «ስልክ መታ» የሚሉትን አነጋገሮች ያስታውሷል። ረጅም ሰውን «ስልክ እንጨት» የሚል ሁሉ ያን በምሰሶ የተወጠረ ሽቦ ሳያውቀው ይጠራዋል።

ከጊዜ በኋላ ግን ተናጋሪው «ስልክ» ሲል የሚያስበው በሩቅ መነጋገርን እንጂ ሽቦን መሆኑ ቀረ። ለዚህ ለውጥ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነን «ነፋስ ስልክ» የሚለው ስያሜ ነው። በራዲዮ ሞገድ መልእክት መላክና መቀበል በአገራችን ሲጀመር የዘመኑ ሰዎች ለዚህ አገልግሎት ያወጡለት ስም «ነፋስ ስልክ» ነበር። ቃሉን እንደ አመጣጡ ብንፈታው «የነፋስ ሽቦ» ማለት ይሆናል፤ ይህም በመጀመሪያ ሲሰሙት ግራ የሚያጋባ ይመስላል። ነገር ግን «ስልክ» የሽቦነት ትርጉሙን አስቀድሞ ስለ ጣለ ግራ የተጋባ ሰው አልነበረም። ስልኩ በሽቦ ፈንታ በነፋስ የሚሄድ መሆኑን ሁሉም ተረዳ።

ይህን ስያሜ ከዐረብኛው ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው። ዐረብኛ ሽቦ የሌለውን መልእክት «ላ ሲልኪ» ብሎ ሰየመው፤ ይህም «ሽቦ የለሽ» ማለት ነው። በእንግሊዝኛም «ዋየርለስ» ሲባል አሰያየሙ ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ስያሜዎች የሚናገሩት ስለ ጎደለው ነገር ነው። አማርኛ ግን መልእክቱ በምን እንደሚሄድ ተናገረ። በሥነ ፍጥረት ሕግ የራዲዮ ሞገድ ነፋስ የማያስፈልገው፣ በባዶ ሕዋ ውስጥም የሚያልፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም የማይታይ፣ የማይጨበጥ፣ ግን በየቦታው የሚደርስ ነገርን ለአንድ ገበሬና ለአንድ ነጋዴ ለማስረዳት ከ«ነፋስ» የተሻለ ቃል ማግኘት ያዳግታል።

ኋላ «ራዲዮ» የሚለው ቃል እየበረታ ስለ ሄደ «ነፋስ ስልክ» ከዕለት ተዕለት ንግግር ወጣ። በቦታ ስምነት ግን ቀርቷል። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ያለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚያው የራዲዮ ጣቢያ ሲሆን፣ ዛሬም ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይህንኑ ስም ይዞ ይገኛል። በየቀኑ በዚያ የሚያልፈው ብዙ ሺሕ ሕዝብ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ያለ ሽቦ እየተነጋገረ፣ ለሚሠራው ነገር አማርኛ ከብዙ ዓመታት በፊት ያወጣለትን ስም በታክሲ ረዳት ጥሪ ይሰማል።

በእኛ ዘመን የተለመደው «ገመድ አልባ» የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። «አልባ» ከግዕዙ «አልቦ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ግዕዙ «የለም»፣ «የለውም» ማለት ነው። በአማርኛ «ስም አልባ»፣ «ወላጅ አልባ» እንደምንል ሁሉ «ገመድ አልባ» ማለትም ሰዋስዋችን የሚፈቅደው፣ ጥሩ አማርኛ ነው። ይሁን እንጂ «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል በቃላቱ ጥንተ ትርጉም «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን ነው። ይህን የምንጠቅሰው ስሕተት ነው ለማለት አይደለም፤ ቋንቋ የቃሎቹን ጥንተ ታሪክ እየረሳ የሚኖር መሆኑን ለማሳየት ነው።

3. «ዋይፋይ» የሚለው ስም እንዴት መጣ?

ኮምፒዩተሮችን በራዲዮ ሞገድ የማገናኘት ሥራ ታሪክ ሲነሣ በቀደምትነት ከሚጠቀሱት አንዱ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው አሎሃኔት ነው። በኖርማን አብራምሰን መሪነት ተዘጋጅቶ በ1971 ሥራ የጀመረው ይህ መረብ በተለያዩ ደሴቶች ላይ ያሉትን የዩኒቨርሲቲውን ቅርንጫፎች ለማገናኘት የታሰበ ነበር። ደሴቶቹን በባሕር ውስጥ በተዘረጋ ሽቦ ማገናኘት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ተመራማሪዎቹ ራዲዮን መረጡ። ፍጥነቱ በሰከንድ 9,600 ቢት ብቻ ነበር። ስሙ የተወሰደው ከሃዋይ ሕዝብ ሰላምታ ነው፤ የአካባቢው ቋንቋ ለአዲሱ ጥበብ ስም አበደረ ማለት ነው።

ከአሎሃኔት ሐሳብ የተማረው ሮበርት ሜትካፍ በ1973 በካሊፎርኒያ በሽቦ የሚሠራ መረብ ሲነድፍ «ኤተርኔት» ብሎ ሰየመው። ኤተር የጥንት ጠቢባን ብርሃን ያልፍበታል ብለው በግምት ያሰቡት የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ግጥጥሞሽ እናገኛለን። አማርኛ ያለ ሽቦ ለሚሠራው መሣሪያ የሽቦን ስም ሲሰጥ፣ እንግሊዝኛ በሽቦ ለሚሠራው መረብ የረቂቅ አየርን ስም ሰጠ። ከዚህም የምንረዳው ስያሜ የነገሩን ባሕርይ ሁልጊዜ በትክክል የሚገልጽ እንዳልሆነ ነው።

በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የተወሰኑ የሞገድ ክልሎችን፣ ከእነዚህም የ2.4 ጊጋ ኸርዙን ጭምር፣ ያለ ፈቃድ እንዲሠራባቸው ከፈተ። ይህ ክልል የምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭም የሚጠቀምበት በመሆኑ ለመገናኛ ብዙም የማይፈለግ ነበር። በተከፈተው ሜዳ የተለያዩ ኩባንያዎች የየራሳቸውን መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። የአንዱ ከሌላው ጋር አልግባባ ስላለም የጋራ ደንብ አስፈለገ። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በኔዘርላንዳዊው በቪክ ሄይስ ሰብሳቢነት ያዘጋጀው ደንብ በ1997 ጸደቀ። ቁጥሩ 802.11 ነው። በመጀመሪያው ደንብ ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ሲሆን፣ በ1999 የጸደቀው ተከታዩ ወደ 11 ሜጋ ቢት አደረሰው።

«802.11» ብሎ በገበያ መጥራት አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ በ1999 የተቋቋመው የአምራቾች ኅብረት የንግድ ስሞችን ለሚያወጣ ኩባንያ ሥራውን ሰጠ። «ዋይፋይ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ለድምፅ ጥራት ይነገር ከነበረው «ሃይፋይ» ጋር እንዲስማማ ከመደረጉ በቀር ቃሉ የምንም ሐረግ አጽሕሮት አይደለም። ኅብረቱ ለጥቂት ጊዜ ከስሙ ጋር አንድ ማስታወቂያዊ ሐረግ አያይዞ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ ሐረጉን የስሙ ፍች አድርገው ይጠቅሱታል። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። «ዋይፋይ» በጥንተ ቋንቋውም ትርጉም የሌለው ስም ከሆነ፣ በአማርኛ «እንተርጉመው» ብሎ መድከም ከንቱ ነው። እንደ ማንኛውም የተጸውዖ ስም በፊደላችን ጽፈን መቀበል ይበቃናል።

4. «ሆትስፖት» ግን ሌላ ነው

«ሆትስፖት» የተጸውዖ ስም አይደለም፤ ትርጉም ያላቸው የሁለት ቃላት ጥምር ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የገመድ አልባ መረብ ሐሳብ በሄንሪክ ሾዲን በ1993 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ጉባኤ ላይ ሲቀርብ ይህ ቃል ገና አልተሠራበትም ነበር። ቃሉ የተለመደው ከዚያ በኋላ፣ በቡና ቤቶች፣ በሆቴሎችና በአውሮፕላን ማረፊያዎች አገልግሎቱ መሸጥ ሲጀምር ነው።

በቁሙ «ትኩስ ሥፍራ» ብሎ መተርጎም ምን ያስከትላል? ቃሉ በእንግሊዝኛ ሳይንስ ውስጥ ቀድሞ የያዛቸው ቦታዎች አሉ። በ1963 ካናዳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ቱዞ ዊልሰን የሃዋይን ደሴቶች አፈጣጠር ሲያስረዳ ከመሬት ጥልቅ የሚነሣውን የእሳተ ገሞራ ምንጭ የገለጸበት ሐሳብ በዚህ ስም ታወቀ። በሥነ ምድር ተማሪዎቻችን ዘንድ ቃሉ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታወሰው የአፋር ምድር ነው። በ1988 ደግሞ ኖርማን ማየርስ በዕፀዋት ብዛት የከበሩና ለጥፋት የተጋለጡ አካባቢዎችን በዚሁ ቃል ጠራ፤ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችም ዛሬ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ስለዚህ አንዱን «ትኩስ ሥፍራ» ለሦስቱም ብንሰጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሥነ ምድር፣ የሥነ ሕይወትና የኮምፒዩተር መምህራን በአንድ ስም ሦስት ነገር ያስተምራሉ። እንግሊዝኛ ይህን ችግር የተሸከመው ሳያስብበት ነው፤ እኛ አስበንበት የምንሸከምበት ምክንያት የለም።

ሌሎች ቋንቋዎችም በቁሙ ከመተርጎም የሸሹበት ጊዜ አለ። ዐረብኛ «የመገናኛ ነጥብ» የሚል ፍች ያለው ስያሜ ይዟል። ፈረንሳይኛ ደግሞ የወሰን ምልክት ድንጋይ በሚጠራበት ቃል ይጠቀማል። በአንዳንድ የእጅ ስልኮች የአማርኛ ገጽ ላይም «መገናኛ ነጥብ» ተብሎ እናገኘዋለን። ይህ ስያሜ የሚመሰገን ነው፤ ነገሩ የሚሠራውን ይናገራልና። ሆኖም ሁለት ጉድለት እናይበታለን። አንደኛ፣ «መገናኛ» በአዲስ አበባ የታወቀ ሠፈር ስም ከመሆኑም በላይ ለመገናኛ ብዙኃን፣ ለመንገድና ለፖስታ ሁሉ የሚውል ሰፊ ቃል ነው። ሁለተኛና ዋናው፣ ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደ ሆነ አይለይም፤ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ እኩል ናቸውና።

5. የማሰናዳቱ ተግባርና ቃሎቹ

አገልግሎቱን በስልክ ላይ ማሰናዳት አጭር ሥራ ነው። ባለስልኩ በመጀመሪያ የስልኩ የዳታ አገልግሎት መከፈቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ወደ ቅንብሮች ገብቶ ማደያውን ያበራል፤ ለመረቡ ስም ይሰጣል፤ የይለፍ ቃል ይወስናል። ስልኩ የሚፈቅድለት ከሆነም ከ2.4 እና ከ5 ጊጋ ኸርዝ አንዱን ይመርጣል። የመጀመሪያው ግድግዳ አልፎ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ፈጣን ሲሆን ርቀቱ አጭር ነው። ብዙ ስልኮች የተገናኙትን ሰዎች ብዛትና የሚወስዱትን የዳታ መጠን ለመገደብም ያስችላሉ።

ከእነዚህ መካከል «የይለፍ ቃል» የሚለው ስያሜ በቋንቋችን ከተሠሩት መልካሞች አንዱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። «ይለፍ» በኬላ ላይ ለቆመ ዘበኛ የሚነገር፣ በመንገደኛም ወረቀት ላይ የሚጻፍ የትእዛዝ ቃል ነበር። ኬላን ያየ ሰው ሁሉ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል፤ ቃሉን ያወቀ ያልፋል፣ ያላወቀ ይመለሳል። ይህን የመሰለ ስያሜ ለተጠቃሚው ገና ከመጀመሪያው ጥንቃቄን ያስተምረዋል። በአንጻሩ በ1997ቱ ደንብ ውስጥ የነበረው የመጀመሪያው የምሥጢር መጠበቂያ «ከሽቦ ጋር የሚተካከል ምሥጢራዊነት» የሚል ፍች ያለው ስም ይዞ ነበር፤ በ2001 ግን ተመራማሪዎች በቀላሉ የሚሰበር መሆኑን አሳዩ። ስሙ የገባውን ቃል ኪዳን ሥራው አልጠበቀም። እሱን የተኩት መጠበቂያዎች በ2003፣ በ2004 እና በ2018 ተከታትለው ወጥተዋል።

በዚሁ የማሰናዳት ሥራ ውስጥ በተለይ የፊደል ሰዎችን የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። የመረቡ ስም በደንቡ መሠረት ከ32 ባይት መብለጥ አይችልም። የላቲን ፊደል አንዱ ሆሄ አንድ ባይት ሲወስድ፣ በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም ውስጥ የገባው ፊደላችን ግን በተለመደው አጻጻፍ በዩቲኤፍ-8 ለአንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይወስዳል። እንግሊዛዊው 32 ሆሄ ሲኖረው እኛ የሚደርሰን 10 ሆሄ ነው። ለምሳሌ «የመምህራን ማረፊያ» የሚለው ስም ከነባዶ ቦታው 31 ባይት ሆኖ ይገባል፤ «ክፍል» የሚለውን ብንጨምርበት ግን አይችለውም።

የይለፍ ቃሉ ነገር ከዚህም ይከፋል። በ2004 የጸደቀው ደንብ የይለፍ ቃል ከ8 እስከ 63 ምልክት እንዲሆን፣ ምልክቶቹም አስኪ በሚባለው የአሜሪካ የምልክት ሠንጠረዥ ውስጥ ካሉት 95 የሚታተሙ ምልክቶች ብቻ እንዲሆኑ ይወስናል። ፊደላችን በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። በዚህ ደንብ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ለቤቱ መረብ በፊደሉ ስም ሊያወጣ ይችላል፤ በሩን በፊደሉ ሊቆልፍ ግን አይችልም። ላቲን የማታነብ እናት ልጇ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ የምትጠብቀው ስለዚህ ነው። ይህን ጉድለት በቃል ፈጠራ ብቻ ልናስተካክለው አንችልም፤ የደንብ አውጪዎችን በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እንዲህ ባለ ጥረት መሆኑንም ልንረሳ አይገባም።

6. የእኛ ሐሳብ

አሁን ወደ ስያሜው እንመለስ። እኛ ለውይይት የምናቀርበው «ማጋሪያ» እና «መጋሪያ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ነው። ሁለቱም «ተጋራ» ከሚለው ግሥ የሚወጡ ሲሆኑ፣ አሠራራቸውም «ማረፊያ»፣ «መቀመጫ»፣ «መገናኛ» ከሚሉት የመሣሪያና የቦታ ስሞች የተለየ አይደለም። «ማጋሪያ» ባለስልኩ ለሌሎች የሚያድልበት መሣሪያ ወይም የስልክ ክፍል ነው፤ «መጋሪያ» ደግሞ በሆቴል፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በአደባባይ ሰዎች የሚካፈሉበት ሥፍራ ነው። የሚያድለው «አጋሪ»፣ የሚካፈለው «ተጋሪ» ይባላል። ከአንድ ሥር አራት ቃላት እናገኛለን፤ ሰጪና ተቀባይም ይለያሉ።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። «ማጋራት» በዛሬው አነጋገር ሥዕልና ጽሑፍ ለሌሎች ማሠራጨትን ጭምር ስለሚገልጽ ይምታታል የሚሉ ይኖራሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው። ስለዚህም አሻሚ በሚሆንበት ቦታ «የኢንተርኔት ማጋሪያ» ብሎ መሙላት እንደሚገባ እንስማማለን። «ሆትስፖት ተለምዷልና ተዉት» የሚሉም ይኖራሉ። መለመዱን አንክድም፤ «መኪና»ን ከጣሊያንኛ፣ «ስልክ»ን ከዐረብኛ የተቀበለ ቋንቋ ባዕድ ቃል ነው ብሎ አይደነግጥም። ነገር ግን «ስልክ» ሲገባ ነገሩን ያየ ሁሉ ሽቦውን በዐይኑ ያይ ነበር። የሆትስፖት ምንጭ ግን አይታይም፤ ስለማይታይም ቃሉ እንዲያሳየው ያስፈልጋል።

የገጠር ኑሯችን ለዚህ ሁለት ምሳሌ ይሰጠናል። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጭራል፤ እሳት የሰጠው ቤት ምድጃው አይጎድልበትም። ውሃ የሰጠው ቤት እንስራ ግን ይጎድላል፤ የተቀበለውም ይህን ያውቃልና በልኩ ይቀዳል። በዚያ ዐውደ ጥናት ላይ የነበሩት ስምንት መምህራን እሳት የጫሩ መስሏቸው ውሃ ቀዱ። ዋይፋዩ የቦኖው ቧንቧ ነው እንጂ ምንጩ አይደለም፤ ምንጩ ከሩቅ ይመጣል፤ ቆጣሪውም የሚቆጥረው በባለቤቱ ላይ ነው። «ማጋሪያውን ልክፈትላችሁ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ተጋሪ መሆናቸውን ቃሉ ራሱ ይነግራቸው ነበር።

በ1972 የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚና እሱን የተኩት ተቋማት የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ለመተርጎም ብዙ ደክመዋል። በ1990ዎቹ ታትሞ የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚህ ድካም ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ሕዝብ እጅ የገባው ከዚያ በኋላ በመሆኑ፣ ሥራው ወደ እኛ ተላልፏል። «ነፋስ ስልክ»ን ያወጡ ሰዎች ኮሚቴም መዝገበ ቃላትም አልነበራቸውም፤ ነገሩን አይተው፣ ለሚሰማቸው ሰው እንዲገባ አድርገው ሰየሙት። እኛም ያቀረብናቸውን ቃላት መምህራን በክፍላቸው፣ ባለሙያዎች በመመሪያቸው እንዲሞክሯቸው፣ የተሻለ ያገኙ አንባብያንም እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን። ተናጋሪው ከተቀበላቸው ይኖራሉ፤ ካልተቀበላቸውም የሚበልጣቸውን እርሱ ያወጣል።